ደብሊን ላይ አፍተርኑን ቲ፦ የት ሄደን እንቀመጥ?

ደብሊን የምትኖሩም ሆነ ለጉብኝት የምትመጡ፣ ሰው "ሻይ ልጋብዝህ" ብላችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ይሄን እወቁ፣ እዚህ አፍተርኑን ቲ ሲባል ባለ ሶስት ደርብ ሳህን ሙሉ ምግብ ይመጣል፣ ሳንዱቹ፣ ስኮን የሚሉት ትንሽ ለስላሳ ዳቦ፣ ኬኩ ምናምን፣ ምሳና እራት አንድ ላይ በሉት። ትልልቆቹ ሆቴሎች ጋ ደሞ በሰው ከ50 ዩሮ በላይ ነው፣ ሻምፓኝ ካስጨመራችሁበትማ ሂሳቡ ሲመጣ ዞር በሉ። ለሻይ ነው ይሄ ሁሉ ብር? እኔን ከጠየቃችሁኝ የምትከፍሉት ለወንበሩ ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ ጥሩ ወንበር ላይ ተደላድላችሁ፣ በራዳችሁ ሲያልቅ እየተሞላ፣ ማንም "ጨርሳችኋል?" ሳይላችሁ ትጫወታላችሁ። ስለዚ ቦታ ስትመርጡ ሜኑ እያነፃፀራችሁ አትድከሙ፣ ሜኑው ሁሉም ጋ ወንድማማች ነው፣ ይልቅ ወንበሩ የት እንዳለና እዛ ላይ ቁጭ ብላችሁ ምን እንደምታዩ አስቡ።

እና ደሞ ሳትቀጥሩ አትሂዱ። በተለይ ቅዳሜና እሁድ ዝም ብሎ በር ላይ ቢሄዱ ትልልቆቹ ቦታዎች "ይቅርታ ሞልቷል" ነው የሚሏችሁ፣ ዲሴምበር ከሆነ ደሞ ገና መጣ ብሎ ከተማው በሙሉ ሻይ ጠጪ ስለሚሆን ከሳምንታት በፊት ነው መያዝ ያለባችሁ። ሁሉም ዌብሳይታቸው ላይ ቡክ ይደረጋል፣ ሰዓት ትመርጣላችሁ፣ ብዙዎቹ የካርድ ቁጥር ይጠይቃሉ ወይ ቀብድ ያስከፍላሉ፣ ብትቀሩ ይቆርጣሉ፣ እስከ መቼ ድረስ መሰረዝ እንደሚቻል አንብባችሁ ያዙ። ቡክ ስታደርጉ "ልዩ ጥያቄ" የምትለዋን ሳጥን ባዶ አትተዉአት፣ መስኮት አጠገብ እንፈልጋለን ብላችሁ ፃፉ፣ ልደት ከሆነም ፃፉ። ዋስትና የለውም ግን ያልጠየቀ ሰው መሃል ላይ ወይ መተላለፊያው አጠገብ ነው የሚወድቀው፣ እዛ ተቀምጦ ያን ያህል ብር መክፈል ደሞ ያናድዳል። ከተቻለ ማክሰኞን ወይ ሐሙስን ምረጡ፣ ቤቱ ረጋ ያለ ነው፣ አስተናጋጆቹም ጊዜ አላቸው።

የመጀመሪያችሁ ከሆነ ሼልበርን ሂዱ። "ቱሪስት ይበዛበታል" የሚሉ አሉ፣ ልክ ናቸው፣ ግን ቱሪስት የሚበዛበት ምክንያት አለው። ሆቴሉ የተከፈተው 1824 ነው፣ ሴንት ስቲቨንስ ግሪን የሚባለው ትልቁ ፓርክ ፊት ለፊት ነው ያለው፣ ሻዩ የሚቀርብበት ሎርድ ሜየርስ ላውንጅ የሚሉት ክፍል ደሞ ትልልቅ መስኮቶቹ ወደዛው ፓርክ ነው የሚያዩት። መስኮቱ ጋ ከደረሳችሁ ዛፉ፣ መንገዱ፣ ቱሪስት ይዞ የሚዞረው የፈረስ ጋሪ፣ ሁሉም እፊታችሁ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ግን በሩ ላይ ቆም በሉ። መብራት የያዙ አራት የሴት ሀውልቶች ታያላችሁ፣ ሁለቱ የግብፅ ሁለቱ ደሞ የኑቢያ ሴቶች ናቸው፣ ህንፃው እንደገና በተሰራበት 1867 ነው የቆሙት። 2020 ላይ "እነዚህ የባሪያ ምስሎች ናቸው" ተብሎ ሆቴሉ አነሳቸው፣ ከተማው ተከራከረ፣ በኋላ ነገሩ በስነጥበብ ታሪክ ባለሙያ ሲጣራ ባሪያዎች አይደሉም ተብሎ እዛው ዓመት መጨረሻ ላይ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ከናይል ወንዝ አካባቢ ለመጣ ሰው ደብሊን በር ላይ የኑቢያ ሴት መብራት ይዛ ስትቀበለው ትንሽ ይገርማል፣ ፎቶውን እዛ ጋ ተነሱ።

የዚህ ቤት ታሪክ ደሞ ለጨዋታ ይሆናል። የአየርላንድ ነፃ መንግስት ህገ መንግስት የተረቀቀው 1922 ላይ እዚሁ ሆቴል ክፍል 112 ውስጥ ነው። ከዛ በፊት በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በተነሳው የ1916ቱ አመፅ ጊዜ አማፂዎቹ ፓርኩ ውስጥ ምሽግ ቆፍረው ሲገቡ የእንግሊዝ ወታደሮች ሼልበርን ላይ ወጥተው ከላይ ወደታች ይተኩሱባቸው ነበር። እና በዛ ሁሉ መሃል የፓርኩ ጠባቂ ዳክዬዎቹን እንዲመግብ ሁለቱም ወገን ተኩስ ያቆሙ ነበር፣ አይሪሾች ይሄን ታሪክ ሲያወሩ ደስ ይላቸዋል። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ከሻዩ በኋላ ወደዛው ኩሬ ውሰዷቸው፣ ዳክዬ አሁንም ሞልቷል። ትራንስፖርቱም ቀላል ነው፣ ሉዋስ የሚሉትን የከተማ ባቡር፣ ግሪን ላይን የሚባለውን መስመር ይዛችሁ ሴንት ስቲቨንስ ግሪን ፌርማታ ትወርዳላችሁ፣ ሊፕ በሚባለው የትራንስፖርት ካርድ የአዋቂ ሂሳብ ለ90 ደቂቃ 2 ዩሮ ነው፣ ከዛ በእግር ትንሽ ነው።

ጫጫታ የማይወድ ሰው ወይ እናት አባት ከሀገር ቤት መጥተውላችሁ ከሆነ ግን እኔ ሜሪዮንን ነው የምመርጠው። ከሼልበርን በእግር ደቂቃዎች ነው፣ አፐር ሜሪዮን ስትሪት ላይ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ያለበት የመንግስት ህንፃ ፊት ለፊት። ከውጪ ስታዩት ሆቴል አይመስልም፣ አራት የድሮ መኖሪያ ቤቶች አንድ ላይ ተቀጥለው ነው 1997 ላይ ሆቴል የሆኑት፣ ከቤቶቹ ባንዱ ደሞ ናፖሊዮንን ዋተርሉ ላይ ያሸነፈው ዌሊንግተን 1769 ተወልዶበታል ይባላል። ሻይ የሚጠጣው ሳሎን ውስጥ ነው፣ በእውነት ሳሎን ነው፣ ሶፋ ያለው፣ ብርድ ሲሆን እሳት የሚነድበት፣ ግድግዳው ላይ ደሞ ትክክለኛ ስዕል የተሰቀለበት። ዋናው ነገራቸውም ይሄው ስዕል ነው። "አርት ቲ" ይሉታል፣ መጀመሪያ እንደማንኛውም ቦታ ሳንዱችና ስኮን ይመጣል፣ ቀጥሎ ግን የሚቀርቡት ትንንሽ ኬኮች ሆቴሉ ካሉት ስዕሎች ተወስደው የተሰሩ ናቸው፣ የሰዓሊውን ቀለምና ቅርፅ ኬክ ላይ አውርደውት ታገኙታላችሁ። እኔ ኬክ ላይ መራቀቅ ብዙም አይመስጠኝም፣ ይሄኛው ግን ሃሳብ አለው፣ ስዕሉን አይቶ ኬኩን አይቶ "የቱ ጋ ነው የሚመሳሰሉት" እያሉ መከራከር በራሱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ መጨረሻ ላይ ማንም ለመቁረስ አይደፍርም።

ከሆቴሉ ሰዓሊዎች አንዱ የባለቅኔው የዬትስ ወንድም ጃክ ዬትስ ነው። ሰውዬው 1924 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ለአየርላንድ የብር ሜዳሊያ አምጥቷል፣ ለነፃዋ አየርላንድ የመጀመሪያው ሜዳሊያ ማለት ነው፣ እና ሮጦ አይደለም፣ ያኔ ኦሎምፒክ የስዕል ውድድር ነበረው፣ ስሎ ነው ያሸነፈው። ያ ስዕል የሊፊ ወንዝ ላይ የሚደረገውን የዋና ውድድር የሚያሳይ ነው፣ ያለው ደሞ እዚሁ ሰፈር ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ነው፣ መግቢያው በነፃ። ስለዚ ሜሪዮን ስትሄዱ ፕሮግራሙን እንዲህ አድርጉት፣ ቀደም ብላችሁ ጋለሪ ግቡ፣ ስዕሉን እዩ፣ እግራችሁ ሲደክም ወደ ሻዩ ሂዱ። እንግዳ ይዞ ለመዋል ደብሊን ላይ ከዚህ የተሻለ ከሰዓት በኋላ አላውቅም፣ ዝናብ ቢዘንብም አይበላሽም፣ ይዘንባል ደሞ።

ዌስትበሪ የሚባለው ሆቴል ደሞ ግራፍተን ስትሪት አጠገብ ነው፣ ዘ ጋለሪ የሚሉት ፎቅ ላይ ያለ ሰፊ ላውንጅ አላቸው። ይሄ ሾፒንግ ለወጡ ሰዎች ነው፣ ሴቶች ተሰብስበው ለልደት፣ ለሙሽሪት ሻወር ምናምን የሚሄዱበት፣ ዝንጥ ያለ ነው ግን ታሪክ ምናምን አትጠብቁ። ከወንዙ ወዲያ ማዶ ኦኮኔል ስትሪት ላይ ያለው ግሬሻም ሆቴል ከ1817 ጀምሮ የነበረ ስም ነው፣ የድሮ ደብሊን ሰዎች የሚወዱት፣ እሱም ጋ በዛው በግሪን ላይን ትደርሳላችሁ፣ የመንገዱ ግርግር የማይከብዳችሁ ከሆነ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። ያን ሁሉ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ግራፍተን ስትሪት ላይ ቢውሊስ የሚባለው ካፌ አለላችሁ። የቢውሊ ቤተሰብ ነው የደብሊንን ሻይ የቀየረው፣ ድሮ ሻይ በእንግሊዞቹ የኢስት ኢንዲያ ኩባንያ ሞኖፖል ስር ነበር፣ ያ ሲቀር ቢውሊዎች 1835 ላይ 2,099 ሳጥን ሻይ በቀጥታ ከቻይና ካንተን በመርከብ ደብሊን አስገቡ። ካፌው የተከፈተው 1927 ነው፣ የፊት ለፊቱ ግድግዳ የግብፅ መልክ አለው፣ የቱታንካሙን መቃብር 1922 ተገኝቶ ዓለም ሁሉ በግብፅ ያበደበት ጊዜ ስለነበር ነው። እና ለኔ የደብሊን ምርጡ ወንበር ሆቴል ውስጥ አይደለም፣ እዚህ ምድር ቤቱ ወደ ኋላ ጠልቃችሁ ስትገቡ የሃሪ ክላርክ ባለ ቀለም መስታወቶች አጠገብ ያለው ነው። ክላርክ የቤተክርስቲያን መስታወት በመስራት የታወቀ ነው፣ 1931 በ41 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ነው የሞተው፣ እዚህ ያሉት ስድስቱ ከመጨረሻዎቹ ስራዎቹ ናቸው። ወፉ፣ ቢራቢሮው፣ አበባው፣ ቀረብ ብላችሁ እዩት፣ ከሩቅ ጌጥ ብቻ ነው የሚመስለው። አንድ በራድ ሻይና ቼሪ በን የሚሉትን ዳቦ አዛችሁ ያን ሁሉ ታያላችሁ። ጠዋት ቁርስ ሰዓትና ምሳ ሰዓት ግን ቦታ አይገኝም፣ ከሰዓት ላይ ግቡና አስተናጋጁን "መስታወቱ ጋ" በሉት።

ሌላው ክዊን ኦፍ ታርትስ ነው፣ ከደብሊን ካስል ብዙም ሳይርቅ ዴም ስትሪት ላይና ካውስ ሌን ላይ ሁለት ቤት አላቸው። ኬክ ቤት ነው በቃ፣ የቻይና ሸክላ ምናምን ድራማ የለውም፣ ጠባብ ነው፣ ሰልፍ ሊኖር ይችላል፣ ግን ስኮን ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ስኮንና ሻይ አዝዛችሁ ሆቴሎቹ ከሚያስከፍሉት በጣም በትንሹ ትወጣላችሁ። ተማሪ ከሆናችሁ እዚህ ጀምሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ፓወርስኮርት የሚባል ቦታ ተቀጣጥራችሁ ከሆነ የቱ ፓወርስኮርት እንደሆነ አረጋግጡ። አንዱ ከተማ መሃል ሳውዝ ዊሊያም ስትሪት ላይ ያለ የድሮ መኳንንት ቤት ነው፣ አሁን ሱቅና ካፌ ሆኗል። ሌላው ከከተማ ወጣ ብሎ ዊክሎ የሚባለው አውራጃ ውስጥ ኤኒስኬሪ አጠገብ ያለው ትልቁ ግቢ ነው፣ እዛ ሆቴሉ ሹገር ሎፍ የሚባለውን ተራራ እያያችሁ የምትጠጡበት ላውንጅ አለው፣ ቆንጆ ነው ግን መኪና ካላችሁ ነው የሚመቸው። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ስለነበሩ ነው ስማቸው የተመሳሰለው፣ አንዱ ጓደኛችሁ ከተማ አንዱ ገጠር ሆናችሁ ስትደዋወሉ አትዋሉ።

ስለ ምግቡ ደሞ፣ የሚፆም ሰው ካለ ይሄን ክፍል አትዝለሉት። ረቡዕ፣ አርብ ወይ ሁዳዴ ላይ ከሆነ ከሳህኑ ላይ የሚቀመስ ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ ስኮኑ ወተትና ቅቤ አለው፣ ሳንዱቹ እንቁላል በማዮኔዝ ነው፣ ኬኩ ክሬም ነው። መፍትሄው ቡክ ስታደርጉ "ቪጋን" ብላችሁ መፃፍ ነው፣ ትልልቆቹ ሆቴሎች አስቀድሞ ከተነገራቸው ሙሉ የቪጋን ሳህን ያዘጋጃሉ። "ቬጀቴሪያን" እንዳትሉ፣ እንቁላሉና ክሬሙ እንዳለ ነው የሚመጣው። እዛ ደርሳችሁ ከተናገራችሁም ወጥ ቤቱ ሊያዘጋጅላችሁ አይችልም፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ስጧቸው። ሙስሊም ከሆናችሁ ደሞ ሳንዱቹ ውስጥ ሃም ብዙ ጊዜ አይጠፋም፣ የአሳማ ነው፣ እሱን ብቻ ማስቀየር አይበቃም፣ ሙስ እና ጄሊ መሰል ኬኮች ጄላቲን (ከእንስሳ፣ ብዙ ጊዜም ከአሳማ የሚወጣ ማርጊያ) ሊኖራቸው ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ የወጥ ቤቱ መልስ ካላረካችሁ ቪጋኑን ያዙ፣ አልኮል ያለበት ኬክ ካለም እንዲነግሯችሁ አድርጉ። አለርጂ ያለበት ሰው አይጨነቅ፣ በህጉ መሰረት 14 ዓይነት አለርጂ አምጪ ነገሮች የትኛው ምግብ ውስጥ እንዳሉ በፅሁፍ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፣ ዝርዝሩን አምጡልኝ በሉ።

አለባበስ ላይ ክራቫት ምናምን አያስፈልግም፣ ንፁህ ሸሚዝ፣ ቀሚስ፣ የሀገር ልብስ ቢሆንም ያምራል፣ የስፖርት ቱታ ብቻ ተዉት። ምሳ ደሞ እንዳትበሉ! ይሄን በደንብ ስሙኝ፣ ቁርስ ቀለል አድርጋችሁ ብቻ ሂዱ፣ አለዚያ ሁለተኛው ደርብ ላይ ነው እጅ የምትሰጡት።

ሳህኑ ሲመጣ ከታች ወደ ላይ ነው የሚበላው፣ ታች ሳንዱች፣ መሃል ስኮን፣ ላይ ኬክ፣ አንዳንድ ቦታ ስኮኑ እንዳይቀዘቅዝ ለብቻው ነው የሚያመጡት። ሳንዱቹ ጠርዙ ተቆርጦ የጣት ያህል ነው፣ በእጅ ይበላል፣ ኪያር፣ እንቁላል፣ ሃም፣ እና ስሞክድ ሳልመን ጠቆር ባለው የአይሪሽ ዳቦ፣ ይሄን የመጨረሻውን አታሳልፉት፣ ዳቦው ያለ እርሾ በሶዳ የተጋገረ ነው፣ አየርላንድ ውስጥ እንደሆናችሁ የሚነግራችሁ ነገር እሱ ነው። ስኮኑን በቢላ አትሰንጥቁት፣ ትኩስ ከሆነ መሃሉን በጣት ስትገፉት ራሱ ለሁለት ይከፈላል። ማርማላታውንና ክሬሙን መጀመሪያ ወደ ራሳችሁ ሳህን አውጡ፣ ከጋራው ዕቃ በቀጥታ አትቀቡ። ክሬሙ ይቅደም ማርማላታው የሚለው የእንግሊዞች ፀብ ነው፣ የዴቨን ሰዎች ክሬም፣ የኮርንዎል ሰዎች ማርማላታ ያስቀድማሉ፣ እዚህ ማንም አያይባችሁም፣ እንደውም ብዙ አይሪሽ ቅቤም ይጨምርበታል።

ሻዩ ላይ የሚያጋጥም ችግር አለ። ብዙ ጊዜ ቅጠሉ በራዱ ውስጥ እንዳለ ነው የሚመጣው፣ ትንሽ ማጥለያ በጎን ይቀመጥላችኋል፣ ስኒው ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ትቀዳላችሁ። የመጀመሪያው ስኒ አራት አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ስትቀዱ ደስ የሚል ነው፣ ጨዋታ ይዟችሁ ሃያ ደቂቃ ከቆየ ግን ቅጠሉ እዛው ስለሚበስል ይመራል፣ ያኔ ዝም ብላችሁ እየመረረ አትጠጡ፣ ለብቻው ሙቅ ውሃ አስመጡና አቅጥኑት፣ ወይ አዲስ በራድ ጠይቁ፣ ሌላ ዓይነት መሞከርም ብዙ ቦታ ይቻላል፣ ተጨማሪ ያስከፍል እንደሆነ ብቻ ጠይቁ። ዝርዝሩ ረጅም ከሆነና ከጠፋባችሁ አይሪሽ ብሬክፋስት የሚባለውን ሻይ እዘዙ። አይሪሾች በሰው ሲካፈል ከዓለም ዋና ዋና ሻይ ጠጪዎች ናቸው፣ ወፍራም ነው የሚወዱት፣ አይጥ ብትሄድበት የማትሰጥም ሻይ ይላሉ ራሳቸው፣ ለዛ ነው በወተት የሚጠጡት። ቤታቸው ውስጥ ደሞ ሀገሩ በሁለት የሻይ ማርካ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ ከ1901 ጀምሮ ያለው የኮርኩ ባሪስ እና ከ1902 ጀምሮ ያለው የደብሊኑ ላዮንስ፣ አስተናጋጁን "አንተ የቱ ነህ?" ብላችሁ ጠይቁት፣ ወሬ ይጀመራል። ባሪስ የሚባለው ከህንዱ የአሳም ቅጠል ሌላ የኬንያና የሩዋንዳ ቅጠል ስላለበት ለኛ አፍ ይቀርባል፣ ለቤት ስትገዙ እሱን ያዙ፣ ሱፐርማርኬት ሁሉ አለ።

ሂሳብ ሲመጣ መጀመሪያ ሰርቪስ ቻርጅ ተጨምሮ እንደሆነ እዩ፣ በቡድን ስትሆኑ፣ ብዙ ቦታ ከስድስት ሰው ጀምሮ፣ 12.5 ፐርሰንት አካባቢ ራሳቸው ይጨምራሉ፣ ከተጨመረ ሌላ ቲፕ መስጠት ግዴታ አይደለም። ካልተጨመረና አስተናጋጁ ጥሩ ከነበረ 10 ፐርሰንት ይበቃል። ከመነሳታችሁ በፊት ደሞ የተረፈውን በቦክስ አድርጉልኝ በሉ፣ ምንም አያሳፍርም፣ ሼልበርንም ይሁን ሌላ ቦታ ሰው ሁሉ ነው የሚያደርገው፣ ከፍላችሁበታል እኮ። ሳንዱቹን ግን እዛው ጨርሱት፣ ይደርቃል፣ ክሬም ያለበትን ኬክ ማታውኑ ብሉት፣ ስኮኑ ለነገ ቁርስ ይሆናል፣ ኦቭን ውስጥ ትንሽ ሞቅ አድርጉት እንጂ ማይክሮዌቭ ውስጥ እንዳትከቱት፣ ድንጋይ ይሆንባችኋል።